ብርዱ ሲገባ ልጆችን ቤት ዘግቶ ማቆየት ይሻላል ወይ? የሕፃናት ሐኪም ምላሽ

ጥያቄ፦ «የሦስት ዓመት ተኩል ሴት ልጅና የሰባት ወር ወንድ ልጅ አሉኝ። ብርዱ ከገባ ወዲህ ከቤት መውጣት ትተናል። ትልቋ መዋዕለ ሕፃናት ከጀመረች ጀምሮ ጉንፋን አይለቃትም። አንዱ ሳይሻላት ሌላው ይተካል፤ ከዚያ ለወንድሟ ታስተላልፋለች። ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ መስኮት አልከፍትም። ትንሹን ማታ ሦስት ልብስ ደርቤ፣ ኮፍያ አድርጌለት፣ በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኜ ነው የማስተኛው። እሱ ግን ላብ በላብ ሆኖ እየተነሣ ያለቅሳል። ባለቤቴ ‹ወጥተው አየር ያግኙ› ይላል። እናቴ ደግሞ ‹በዚህ ብርድ ሕፃን አይወጣም› ትለኛለች። ማንን ልስማ? ልጅቷንስ ከመዋዕለ ሕፃናት ላስቀራት? እኔም በጣም ደክሞኛል።»

መልስ፦

እህቴ፣ ቁርጡን ላስቀድምልሽ። ልጆችሽን አውጪያቸው። መስኮቱንም ክፈቺ። ከትንሹ ልብስ ደግሞ ዛሬ ማታ ቀንሺለት፤ በተለይ ኮፍያውን አውልቂለት። ከጻፍሽልኝ ሁሉ ቶሎ መስተካከል ያለበት እሱ ነው። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ በሰፊው እነግርሻለሁ።

እናትሽ የሚፈሩት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃን ከትልቅ ሰው በበለጠ ፍጥነት ሙቀት ያጣል። ከክብደቱ አንጻር የቆዳው ስፋት ከእኛ ይበልጣል። ጭንቅላቱም ከሌላው ሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው። በረደኝ ብሎ መናገርም አይችልም። ስለዚህ ሲወጣ በደንብ መልበስ አለበት። እዚህ ላይ እሳቸው ልክ ናቸው። ወራቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ታፍኖ መዋሉ ላይ ግን አልስማማም።

መጀመሪያ ስለ ጉንፋኑ እናውራ። ጉንፋን የሚያስይዘው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ከሌለ ብርድ ብቻውን ልጅን ጉንፋን አያስይዝም። ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ደግሞ ከ200 በላይ ናቸው፤ ዋናው ራይኖቫይረስ የሚባለው ነው። ልጅሽ አንዱን አሸንፋ ስትጨርስ ሌላው ይቀበላታል። «አንዱ ሳይሻላት ሌላው ይተካል» ያልሽው እውነትም እንደዚያው ነው። ትናንሽ ልጆች በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ይይዛቸዋል። መዋዕለ ሕፃናት የሚውሉት እስከ 10 እና 12 ጊዜ ሊደርሱ ይችላሉ። አንዱ ጉንፋን ከሳምንት እስከ 10 ቀን ይቆያል፤ ሳሉ ደግሞ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊጎተት ይችላል። አብዛኛው የሚመጣው በብርዱ ወራት መሆኑን ስታስቢ፣ አንድ ፍጹም ጤነኛ ልጅ የብርዱን ወራት ግማሽ ያህል እየሳለና ንፍጡ እየወረደ ቢያሳልፍ አይገርምም። ይህ የሰውነቷ መከላከያ ደካማ መሆኑን አያሳይም። እያደገች ከሄደች፣ በሁለት ጉንፋኖች መካከል የምትበላና የምትጫወት ከሆነ፣ ጉንፋኑ ወደ ሳንባ ምች እየተለወጠ ሆስፒታል የማያስተኛት ከሆነ፣ ልብሽ ይረፍ።

ታዲያ ለምን በብርድ ጊዜ ይብሳል? ትልቁ ምክንያት ሰው ሁሉ ቤት መግባቱ ነው። በርና መስኮት ይዘጋል፤ አንዱ ያወጣውን ትንፋሽ ሌላው ይስበዋል። ሌላው የአየሩ መድረቅ ነው። ቀዝቃዛ አየር ብዙ እርጥበት አይይዝም። እሱኑ ቤት አስገብተን ስናሞቀው ጭራሽ ይደርቃል። እንደ ኢንፍሉዌንዛ ያሉ ቫይረሶች በደረቅ አየር ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። አፍንጫን ከውስጥ የሚጠብቀው እርጥብ ሽፋንም ይደርቃል። ብርዱ ራሱም ትንሽ ድርሻ አለው። አፍንጫ ውስጥ ያለው ሙቀት 33 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከሳንባ ዝቅ ያለ ማለት ነው። ራይኖቫይረስ በዚያ ሙቀት በደንብ ይራባል። ቫይረሱን የምታገኘው ግን ከሌላ ልጅ እጅ፣ ከሌላ ልጅ ሳልና ማስነጠስ ነው። ሜዳ ላይ ያገኛት ንፋስ ቫይረስ አይሰጣትም። የተዘጋ ክፍል ግን ይሰጣታል።

ስለዚህ ከመዋዕለ ሕፃናት አታስቀሪያት። ዘንድሮ ያመለጧት ቫይረሶች ትምህርት ቤት ስትገባ ይጠብቋታል። በለጋነታቸው ከብዙ ልጆች ጋር የሚውሉ ሕፃናት መጀመሪያ ላይ ይበዛባቸዋል፤ ትምህርት ቤት ሲገቡ ግን ቤት ካደጉት ያነሰ ይታመማሉ። ትኩሳት ካላት፣ ካስመለሳት ወይም እንደ ወትሮዋ መጫወት ካቃታት ቤት ትዋል። ንፍጥ ብቻ ከሆነ ትሂድ። ትንሹ ልጅ ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ወይም የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። እንደዚያ ከሆነ ከሚከታተለው ሐኪም ጋር ተነጋገሪ።

አሁን ስለ መውጣት። መለኪያው ቀላል ነው፤ አንቺ ተመችቶሽ ከለበስሽው ላይ ለልጁ አንድ ድርብ ጨምሪ። ከውስጥ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ቀጭን ልብስ፣ ቀጥሎ ሱፍ ወይም ሌላ ሙቀት የሚይዝ፣ ከላይ ንፋስና ውኃ የማያሳልፍ። አንድ በጣም ወፍራም ካፖርት ከማልበስ ሦስት ቀጫጭን ይሻላል። በልብሶቹ መካከል የሚቀረው አየር ነውና የሚያሞቀው። ልጅቷ ስትሮጥ ደግሞ አንዱን ማውለቅ ይቻላል። ላብ የጠጣ የውስጥ ልብስ ከንፋስ በላይ ያበርዳል። ጥጥ አንዴ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም። ለዚህ ቅያሪ የውስጥ ልብስና ካልሲ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ልጅቷ ከረጠበች ጨዋታው ቢጥማትም ግቡና ትቀይር።

ስለ ጫማ ብዙ ወላጆች ልብ የማይሉት ነገር አለ። «እግሯ እንዳይበርዳት» ብለው ሁለት ካልሲ ደርበው በጠባብ ጫማ ያስገቧታል። እግሯ ይጨመቃል፣ ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም፣ አየር የሚገባበት ክፍተት ይጠፋል። ውጤቱ የበለጠ የቀዘቀዘ እግር ነው። አንድ ጥሩ ካልሲና ጣቶቿን የምታንቀሳቅስበት ሰፋ ያለ ጫማ ይበቃታል። ካጠለቅሽላት በኋላ «ጣቶችሽን አወዛውዢ» በያት። ካልቻለች ጠቧታል።

ትንሹን አቅፈሽ ወይም አዝለሽ ከሆነ የምትወጪው የአንቺ ሰውነት እንደ አንድ ድርብ ይቆጠራል፤ ስለዚህ አትከምሪበት። ፊቱ ይታይሽ። አገጩ ደረቱ ላይ አይደፋ፤ ትንፋሹን ያፍነዋል። በጋሪ ከሆነ ጋሪውን ሙሉ በሙሉ በብርድ ልብስ አትሸፍኚው፤ ውስጡ አየር ያጥረዋል፣ ከመጠን በላይም ይሞቃል። መኪና ውስጥ ደግሞ የሕፃን መቀመጫው ቀበቶ በወፍራም ካፖርት ላይ አይታሰር። ግጭት ቢመጣ ካፖርቱ ይጨመቅና ቀበቶው ይላላል። ካፖርቱን አውልቀሽ ቀበቶውን አጥብቂ፣ ከዚያ ካፖርቱን ከላይ አልብሺው።

በርዶት እንደሆነ ለማወቅ እጁን አትንኪ። የሕፃናት እጅና እግር ጤነኛ ሆነውም ቀዝቀዝ ይላሉ። ሁለት ጣትሽን ከአንገቱ ጀርባ በአንገትጌው ውስጥ አስገቢ። ሞቅ ብሎ ደረቅ ከሆነ ጥሩ ነው። ከቀዘቀዘ ጨምሪለት ወይም ግቡ። ከረጠበ ቀንሺለት። ይህን ሙከራ ለእናትሽም አሳዪያቸው። ስንት ልብስ ይበቃል ብሎ ከመከራከር የልጁን አንገት መንካት ይሻላል።

ስንት ደቂቃ? ለትንሹ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጀምሪ። ትልቋ እየተንቀሳቀሰች እስከሆነ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ትጫወት። ፀሐይ ሞቅ በምትልበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ንፋሱ ፊት የሚቆርጥ ከሆነ፣ ወይም ከባድ ዝናብ ካለ ለዛሬ ቅሩ። ጉንፋን ስላለባት ብቻ ግን አታስቀሪያት። ትኩሳት ከሌላትና መጫወት ከፈለገች ውጭው አየር አይጎዳትም። ቀን ብርሃን ያየ ልጅ ማታም በሰዓቱ ይተኛል። ባለቤትሽ «አየር ያግኙ» ያለው ለልጆቹ እንቅልፍም ነው።

ስለ ፀሐይ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ ቫይታሚን ዲ አይሰጥም፤ ለዚያ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። በብርድ ወራት ልጆች ተሸፍነው ስለሚወጡ ቆዳቸው ፀሐይ የሚያገኘው በጥቂቱ ነው። ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት በቀን 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ ይመከራል፤ ከአንድ ዓመት በላይ ላሉት 600 ዩኒት ያስፈልጋቸዋል። ሐኪምሽን ጠይቂ።

አሁን ወደ ትንሹ እንቅልፍ ልመለስ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ብናገር አትቀየሚኝ።

ጤነኛ የነበሩ ሕፃናት ተኝተው ሳሉ በድንገት የሚሞቱበት ሁኔታ አለ። ምክንያቱ ሙሉ በሙሉ አልተለየም። አደጋውን የሚጨምሩት ነገሮች ግን በደንብ ይታወቃሉ፦ ከመጠን ያለፈ ሙቀት፣ በሆድ ማስተኛት፣ ፊቱ ላይ ሊንሸራተት የሚችል ብርድ ልብስ፣ ትራስና ለስላሳ ነገር፣ የሲጋራ ጭስ። ልጅሽ ላብ በላብ ሆኖ እየተነሣ ሲያለቅስ «ሙቀት በዛብኝ» እያለሽ ነው። ሕፃን ትርፍ ሙቀት የሚያወጣው በአብዛኛው በጭንቅላቱና በፊቱ በኩል ነው። ኮፍያ ስታደርጊለት ያንን መውጫ ትዘጊበታለሽ። ኮፍያው ተንሸራትቶም አፍንጫውን ሊሸፍን ይችላል።

እንዲህ አድርጊ። ክፍሉ ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ቢሆን ይበቃዋል። ለትልቅ ሰው ቀዝቀዝ የሚል ነው፤ ለሕፃን እንቅልፍ ግን ተስማሚ ነው። አንድ የውስጥ ልብስና አንድ እጅጌ ያለው የሌሊት ልብስ አልብሺው። ከላይ ብርድ ልብስ ሳይሆን እጅጌ የሌለው የሕፃን መኝታ ከረጢት ይሁን። ተራግጦ አይጥለውም፣ ፊቱም ላይ አይወጣም። ከረጢቱን ካላገኘሽ ቀጭን ብርድ ልብስ ይሁን፤ እግሩ አልጋው ጫፍ እስኪደርስ ዝቅ አድርገሽ አስተኚው፣ ብርድ ልብሱ ከደረቱ በላይ አይለፍ፣ ጠርዙንም ፍራሹ ሥር አስገቢ። ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ። አልጋው ላይ ትራስም ሆነ አሻንጉሊት አይኑር። ፍራሹን በሙቅ ውኃ ጠርሙስ የምታሞቂ ከሆነ ልጁን ከማስተኛትሽ በፊት አውጪው። ከተኛ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሄደሽ የአንገቱን ጀርባ ወይም ደረቱን ንኪ። ሞቅ ያለና ደረቅ ከሆነ አንቺም ተኚ።

ብርዱ ሲበረታ ብዙ እናቶች ሕፃኑን አልጋቸው ላይ ያወጡታል። ክፍል መጋራቱ ጥሩ ነው፤ አልጋው ግን የራሱ ቢሆን ይሻላል። በአዋቂ ብርድ ልብስ ሥር መግባት የለበትም። ሶፋ ላይ አብሮ መተኛት ፈጽሞ አይሆንም። ደክሞሽ እያጠባሽ እንቅልፍ እንደሚጥልሽ ካወቅሽ ከሶፋው ይልቅ ትራስና ከባድ ልብስ የተነሣለት አልጋ ያነሰ አደጋ አለው።

ልብሱን ቀንሰሽም ላቡ ከቀጠለ፣ በተለይ ጡት ሲጠባ የሚያልበው፣ ቶሎ የሚደክምና እያቋረጠ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ክብደትም ካልጨመረ፣ ሐኪም ልቡን ይመርምረው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ኮፍያውና ብርድ ልብሱ ሲነሣ ላቡም ይቆማል፣ ሕፃኑም ድብን አድርጎ ይተኛል።

መስኮቱን በተመለከተ፣ ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርገሽ አትተዪው። ቤቱን ከማብረድ በቀር ብዙ አይጠቅምም። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ወለል አድርገሽ ክፈቺው። በተቃራኒ በኩል ያለውንም መስኮት ወይም በር ክፈቺ። ልጆቹን ለዚያች ደቂቃ ሌላ ክፍል አድርጊያቸው። አየሩ ይለወጣል፤ ግድግዳውና ዕቃው ግን ሙቀቱን ስለያዘ ቤቱ ቶሎ ይሞቃል። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሡና ማታ ከመተኛታቸው በፊት ጥሩ ሰዓት ነው።

ቤቱን በምን እንደምታሞቂ አልጻፍሽልኝም። ስለዚህ ይህንን ለማንኛውም ቤት እናገራለሁ። ከሰል የተዘጋ ቤት ውስጥ አይነድም። የማብሰያ ጋዝ ለማሞቂያ ተብሎ አይለኮስም። ጄኔሬተርም ቤት ውስጥ አይነሣም። ከሰሉ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን አደጋው ያለፈ ይመስላል፤ አላለፈም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ያመጣል። ልጆች ከእኛ ፈጥነው ስለሚተነፍሱ ቀድመው ይጎዳሉ። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ውጭ ሲወጣም ከተሻለው፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ሁላችሁም ውጡ፣ ከዚያ እርዳታ ጥሩ። ነዳጅ ወይም እንጨት የሚነድበት ቤት ይህን ጋዝ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ቢኖረው ነፍስ ያድናል።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከአልጋ፣ ከመጋረጃና ከልጆች ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ልብስ አይሰጣበት። ቃጠሎ ከደረሰ ቦታውን በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያዙ። ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡ።

ሁለቱም ጉንፋን ሲይዛቸው ምን ታደርጊያለሽ? የሰባት ወር ሕፃን በአፍንጫው መተንፈስ ይቀናዋል። አፍንጫው ከተዘጋ ጡት ይዞ ይለቃል፣ ያለቅሳል፣ አይተኛም። ስለዚህ ትልቁ እርዳታ አፍንጫውን መክፈት ነው። ከፋርማሲ የአፍንጫ ጨዋማ ውኃ ጠብታ ግዢ። ከመጥባቱ ከ10 ደቂቃ በፊት በጀርባው አስተኚውና በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ሦስት ጠብታ ጨምሪ። ጥቂት ጠብቂ፤ የደረቀው ይለሰልሳል። ከዚያ የጎማውን መምጠጫ መጀመሪያ ከውጭ ጨምቂ፣ የቀዳዳው አፍ ላይ ብቻ አስጠጊና ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ጨምቀሽ ሳይሆን ለቀሽ ነው የሚስበው። ወደ ውስጥ አታስገቢው። በቀን ጥቂት ጊዜ፣ ከመጥባትና ከመተኛት በፊት ብቻ አድርጊው፤ ከበዛ አፍንጫው ከውስጥ ያብጥና የባሰ ይዘጋል።

ጡቱን አትቀንሺ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ትልቋ የፈለገችውን ፈሳሽ ትጠጣ፤ ለሁለት ቀን ምግብ ቢያስጠላት አትታገያት። ከአንድ ዓመት በላይ ስለሆነች ከመተኛቷ በፊት ግማሽ ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ ማር የሌሊት ሳሏን ያቀልላታል። ለትንሹ ግን ማር በጣትሽ ጫፍ እንኳ አታቅምሺው። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻን የሚያሽመደምድ ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ ለሁለቱም አትግዢ። በዚህ ዕድሜ ጥቅማቸው አልታየም፤ የጎንዮሽ ጉዳታቸው ግን አለ። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም። ንፍጡ ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መለወጡ ብቻውን ባክቴሪያ አለ አያሰኝም፤ ጉንፋን ሲበስል እንደዚያ ይሆናል። ለትኩሳት ፓራሲታሞል በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ይሰጣል፤ በአንድ ጊዜ ለኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። 8 ኪሎ ለሆነ ሕፃን ከ80 እስከ 120 ሚሊግራም ማለት ነው። የሽሮፑ ጥንካሬ ስለሚለያይ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ፋርማሲስቱ ያስላልሽ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ትኩሳት ያለበትን ልጅም አትጠቅልዪው። የፈላ ውኃ እንፋሎት አታጥኚያቸው፤ በዚያ የተቃጠሉ ልጆች ጥቂት አይደሉም።

እህትና ወንድምን መለያየት አይቻልም፤ አትሞክሪውም። ግን «እግሩን ሳሚው» በያት። እጁን ከሳመችው እጁ ወዲያው አፉ ውስጥ ይገባል። ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ ከሁሉ በፊት እጇን በሳሙና ለ20 ሰከንድ ትታጠብ። አንቺም ንፍጥ በጠረግሽ ቁጥር ታጠቢ። ትንሹ ስድስት ወር ስላለፈው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት መውሰድ ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስዱ ትናንሽ ልጆች በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይወጋሉ። የመደበኛ ክትባቱም ቀን አይለፈው።

አሁን እያንዳንዱ ወላጅ ማወቅ ያለበትን አንድ ነገር ላሳይሽ። የልጅን ትንፋሽ መቁጠር። ሐኪም ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚለውን ከትኩሳቱ ቁጥር ይልቅ ትንፋሹ ይነግርሻል። ልጁ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ልብሱን ገልጠሽ ደረቱንና ሆዱን ተመልከቺ። ሆዱ አንዴ ወጥቶ ሲገባ አንድ ነው። ሰዓት ይዘሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዳንዴ ይፈጥናል፣ አንዳንዴ ይዘገያል። ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ምችን ለመለየት የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ትንሹ ላይ 50፣ ትልቋ ላይ 40 ካገኘሽ በዚያው ቀን ይታዩ።

ሳትውዪ ሳታድሪ የምትሄጂበትም አለ። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ወደ ውስጥ ስርጉድ የሚል ከሆነ፣ አፍንጫው የሚነፋ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያቃስት ከሆነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ጡት ወይም ውኃ መውሰድ ካቆመ፣ ለ8 ሰዓት ዳይፐሩ ካልረጠበ፣ ለመንቃት ከተቸገረ፣ ወይም ካንቀጠቀጠው። በዚህ ዕድሜ አርኤስቪ የሚባለው ቫይረስ ትንንሾቹን የሳንባ ቧንቧዎች ሊዘጋ ይችላል፤ እንደ ጉንፋን ይጀምርና ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ይብሳል። ስለዚህ ሁለተኛው ቀን ላይ ደህና ነው ብለሽ አትዘናጊ። ይህን የሚያነቡ የአራስ እናቶች ካሉ ደግሞ፣ ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ሙቀቱ 38 ከደረሰ ሌላ ምልክት ባይኖርም ወዲያው ሐኪም ይየው።

ትልቋ አንድ ሌሊት እንደ ውሻ ጩኸት ያለ ሳል ይዟት ብትነሣ፣ አየር ስትስብ «ህእ» የሚል ድምፅ ብታሰማ፣ ክሩፕ የሚባለው ነው። የድምፅ ሳጥኑ አካባቢ ሲያብጥ የሚመጣ ነው። አትደንግጪ፤ ስታለቅስ ይብስባታል። ሸፍነሽ እቀፊያትና ወደ ውጭ፣ ወደ ቀዝቃዛው አየር ውጪ። አዎ፣ በሌሊት፣ በብርዱ። በጄኔቫ የተሠራና በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለ30 ደቂቃ ውጭ ቀዝቃዛ አየር ያገኙት ልጆች ቤት ውስጥ ከቆዩት በተሻለ እንደቀለላቸው አሳይቷል። እናትሽ በዚህ ሰዓት ቢያዩሽ ይጮኹብሽ ይሆናል፤ ለዚያ ነው አስቀድመሽ እንድትነግሪያቸው የምፈልገው። ዝም ብላ ተቀምጣም ድምፁ ካልቆመ ወይም ለመተንፈስ ከታገለች ግን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ቤት ውስጥ ስለሚውሉበት ሰዓት። የሦስት ዓመት ልጅ በቀን በድምሩ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለባት፤ ከዚያ ውስጥ 60ው የሚያስሮጥና የሚያስዘልል ቢሆን ይመከራል። ይህን ያላወጣች ልጅ ማታ ሶፋ ላይ ትዘላለች፣ ወንድሟን ትጎትታለች፣ አልተኛም ትላለች። «ብርዱ ከገባ ወዲህ አስቸገረችኝ» የሚሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ልጆቹ መፈንደቂያ አጥተው ነው። ትራሶችን መሬት ላይ ደርድረሽ እያንዳንዱ ላይ እየዘለለች ክፍሉን ታቋርጥ። የታጠበ ልብስ አንድ በአንድ ከቅርጫቱ ወደ መሳቢያው ታመላልስ፤ ሥራ እየሠራች ስለሚመስላት ትኮራበታለች። ቴሌቪዥንና ስልክ ለእሷ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፤ ለትንሹ ጭራሽ አይኑር። እሱም መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ ይጫወት፤ ነቅቶ ሳለ፣ አንቺ እያየሽው።

ገላ ሲታጠቡ ለብ ባለ ውኃ ከ10 ደቂቃ አይለፉ። ቆዳቸው ገና እርጥብ እያለ ወፈር ያለ ቅባት ቀቢያቸው። የትንሹ ጉንጭና አገጭ በለሃጭ ከቀላ ከመውጣታችሁ በፊት ቫዝሊን ይጠቅመዋል።

ከእናትሽ ጋር አትጣዪ። ልጆቹን ስለሚወዱ ነው። የማልበሱን ሥራ ለእሳቸው ስጪያቸው። በር ላይ ሆነው ያልብሷቸው፣ የአንገታቸውን ጀርባ ይንኩ፣ ሲመለሱም ደግመው ይንኩ። ሞቀው፣ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ተርበው ሲገቡ ያያሉ። እኔ ከምጽፈው ይልቅ የሚያሳምናቸው እሱ ነው።

የመጨረሻው አንቺ ነሽ። «ደክሞኛል» ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሽዋል። ሌሊቱን ከባለቤትሽ ጋር ተካፈሉት። ከማታ እስከ እኩለ ሌሊት የሚነሣው እሱ ይሁን፤ ልጁ መጥባት ካለበት አምጥቶ ይስጥሽ፣ ማስገሣቱንና ማስተኛቱን እሱ ይውሰድ። አራት አምስት ሰዓት ሳይቆራረጥ ስትተኚ ብዙ ነገር ይለወጣል። ከትልቋ ጋር የሚደረገው የቀን መውጫ ደግሞ አንዳንድ ቀን የእሱ ብቻ ይሁን። ውጡ ያለው እሱ አይደል? ትንሹ ሲተኛ አንቺም ተኚ፤ ሳህኑ ይቆይ።

ልጁ ተኝቶልሽ እንኳ አንቺ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ የሚያስደስትሽ ነገር ከጠፋ፣ ያለ ምክንያት የሚያስለቅስሽ ወይም ለልጆቹ የማልጠቅም ነኝ የሚል ሐሳብ የሚመላለስብሽ ከሆነ፣ ይህም ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ሊጀምር ይችላል፤ ይታከማልም። ለሐኪም ንገሪ። ራስሽን ወይም ልጆቹን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ለባለቤትሽ ወይም ለእናትሽ ንገሪና አብረውሽ ሆስፒታል ይሂዱ። የትንሹ ክትባት ቀን ሲደርስም አብሮሽ የሚሄድ ሰው ያዢ፤ እሱ ሲመዘን አንቺም ስለ ራስሽ ለመናገር ጊዜ ይኖርሻል።